ያልተቀየመ ሰው ካሳ

በዴሳ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለብሩክታይት፣

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። ደብዳቤሽን በስቴፕለር ሽቦ ሰፍተሽ ልከሽ አውራ ጣቴን ወጋኝ። «ለጤናህ እንደምን አለህ» የሚለው ጋ ሳልደርስ ደሜ ፈሰሰ። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት እንደዚያ ይጻጻፍ፤ ዘመድ ለዘመድ ግን በሽቦ አይጻጻፍም። ደብዳቤውን ያመጣልኝ የሚኒባሱ ሾፌር ደገፉ ደሙን ሲያይ ሞተሩን አጠፋና «ጋሼ፣ ምን መርዶ መጣ?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «የእህቴ ልጅ የአሥር ዓመት ዕቅድ ልካልኝ ነው» ብላቸው አንዲት ሴትዮ ከኋላ ወንበር «አይዞዎት» አለችኝ።

ስልክ ለምን አታነሣም ላልሽው፣ አነሣለሁ፤ ችግሩ ካነሣሁ በኋላ ነው። ጆሮዬ ስለደከመ እጮኻለሁ፤ እኔ ስጮኽ ደግሞ የማኅበሩ ጉዳይ ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ባለፈው «ምስጢር ነው» ብዬሽ ያወራነውን አንዲት ቅቤ ሻጭ በማግስቱ አርማ መለሰችልኝ። ስለዚህ የእርሻውን ነገር በወረቀት እናውራ።

ዕቅድሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከችግኝ ጣቢያው ተነሥተሽ በአሥር ዓመት ውስጥ የአቮካዶ ማሸጊያ ቤት ድረስ መሄድሽ ገብቶኛል። እውነቱን ለመናገር «የወይራ ጥላ» ኅብረት ሥራ ማኅበራችንን ስናቋቁም ያቀድነው እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ብቻ ነበር። «ሊቀመንበሩ ነገ ባይኖሩ ማን ይተካቸዋል?» የምትለው ገጽሽ ላይ ግን ትንሽ ቆየሁ። ነገ አለሁ፤ ከነገ ወዲያ ግን ልክ ነሽ።

ጉባኤው እንዴት ሆነ ብለሽ ነበር። እንዲህ ሆነ። መተዳደሪያ ደንቡ ሊቀመንበር ከሁለት ዘመን በላይ አይቀመጥም ይላል፤ እኔ አራተኛው ላይ ነኝ። እናም ተነሥቼ «ወንድሞች፣ እህቶች፣ ደክሞኛል፤ ሌላ ሰው ምረጡ» አልኩ። ምክትሌ አንጁሎ ብድግ አለና «ጋሽ ኤርሳዶ ዛሬም ትሕትናቸው አልለቀቃቸውም» አለ። ተጨበጨበ። «የምሬን ነው» አልኩ። «የምሬን ነው ይላሉ» አለ። ተጨበጨበ። ለሦስተኛ ጊዜ «አርጅቻለሁ፣ ጆሮዬም አይሰማም» ብል ሕዝቡ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ምግብ ሲቀርብልን «በልተናል፣ ጠግበናል» እያልን እጃችንን የምንታጠብ ሰዎች መሆናችንን ረስቼው ነው። ሦስቴ እምቢ ማለት እሺ ማለት ነው።

አንዲት ሴት ብቻ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የዱቦ ቅርንጫፋችን ኃላፊ ቤዚ ናት። አላጨበጨበችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወድጃታለሁ።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል የጠየቅሽኝን ነገር አላየሁም እንዳልል መነጽር አድርጌ ነበር። ጣቴ ሲድን እመልስልሻለሁ።

የተወጋው አጎትሽ ኤርሳዶ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ለጣትህ ይቅርታ። ይህኛውን በክር ሰፍቼዋለሁ። ደግሞ ደገፉን ጠይቄዋለሁ፤ ጣትህ በማግስቱ ድኗል፤ ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፈልግ።

ትንንሹ ፊደል ካልታየህ በትልቁ ልድገመው። ወደ በዴሳ መመለስ እፈልጋለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለሌሎች ድርጅቶች ስለ ቦርድ፣ ስለ ተተኪ፣ ስለ አሥር ዓመት ዕቅድ ስጽፍ ኖሬያለሁ። አስረክቤ እወጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ይኑር ይሙት አላውቅም። አንድ ጊዜ የራሴን ዕቅድ ቆሜ ውኃ ላጠጣ። አንተ ጉባኤው ፊት «ብሩክታይት ትተካኝ» ብትል አንድ ሰው አይቃወምም። ትላለህ ወይስ አትልም? እኔ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ስለ መልቀቅህ ደግሞ አንድ ነገር ታየኝ። እምቢታህን እንደ ትሕትና የሚቆጥሩት እዚያው ፊታቸው ቆመህ ስለምትናገር ነው። ደንቡ አስቸኳይ ጉባኤ መጥራት ይፈቅድልሃል። ጥራና አንተ ቅር። ባዶ ወንበር አይጨበጨብለትም።

ኦቶና ሆስፒታል ደጅ ላይ ያዩህ ሰዎች አሉ። እናቴ ናት የነገረችኝ፤ «እንዳትነግሪው» ብላኛለች፤ ነገርኩህ። ምን ልትሠራ ሄድክ?

ልጅ ሆኜ አንተ ቤት እየኖርኩ ስማር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሬዲዮ ከፍተህ በሩን አልሰማ ትለኝ ነበር፤ ያኔ የማደርገውን ታስታውሳለህ። ጣራው ላይ ጠጠር እወረውራለሁ። ባንደኛው ካልወጣህ ሁለተኛ እደግማለሁ። የጥቅምቱ ደብዳቤ አንደኛው ጠጠር ነበር።

ብሩክታይት

*

በዴሳ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብሩክታይት፣

ክርሽ ደርሶኛል፤ የኮቴን ቁልፍ ሰፍቼበታለሁ። ደብዳቤውም አብሮ ደርሷል። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ መልሱን እያወቅሁት ስለሸሸሁ ነው።

ኦቶና የሄድኩት ለጆሮዬ ነው። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፤ የቀኙ ሄዷል፣ የግራውም ሻንጣውን እያሰረ ነው ያለኝ መሰለኝ። ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በቀኜ በኩል ቆሞ ነበር የሚያወራው። ለእናትሽ አልነገርኩም፤ ፋንታዬ ከሰማች የጸሎት ቤቱን መዘምራን በሙሉ ይዛ ትመጣና እነሱንም አልሰማቸውም።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ታኅሣሥ ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ብዙ ተወራ፤ እኔም ሰው ወደ እኔ ባየ ቁጥር እንደ ልማዴ ራሴን እነቀንቃለሁ። ለካ አንዱ «የችግኝ ጣቢያው ዘበኛ ወደ መጋዘን ይዛወር» ብሎ ኖሯል። ነቀነቅሁ። ተወሰነ። አንድም ሰው «ችግኙንስ ማን ይጠብቃል?» አላለም፤ ሊቀመንበሩ ነቅንቋላ። ሳምንት ሳይሞላ የመንደሩ ፍየል ሁሉ ገብቶ የአሥር ዓመት ዕቅድሽን የመጀመሪያ ዓመት በላው። አዲስ ስንዘራ ነው የሰነበትነው። አንጁሎ በኋላ «እኔ እኮ ገርሞኝ ነበር፤ ግን እርስዎ የሚያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ ነው» አለኝ። የማውቀው ነገር ቢኖር ፍየሎቹ ጤናማ መሆናቸውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። «አንድ ሰው አይቃወምም» አልሽኝ። ፍየሎቹም የገቡት አንድ ሰው ስላልተቃወመ ነው።

ከጓሮ እንሰት ስናባዛ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታይ ነበር። እናቲቱን ቆርጠን፣ ልቧን በቢላዋ ቦርቡረን አውጥተን፣ ጉድጓዱን አፈርና ፍግ ሞልተን ስንቀብራት አልቅሰሽ ነበር። ልቧ ካልወጣ ራሷ ተመልሳ ታድጋለች እንጂ ልጅ አትሰጥም ብዬሽ ነበር። ያኔ ያልነገርኩሽ ሌላ ነገር አለ። ልጆቹ ሲበቅሉ አንዷን እንኳ እዚያው እናቷ ጉድጓድ ውስጥ አንተዋትም። ሁሉም ተነቅለው ሌላ ቦታ ይተከላሉ። ምርጧ እንኳ ብትሆን፤ ምርጧ ስለሆነች በተለይ።

እኔ «ብሩክታይት ትተካኝ» ካልኩ ሰው የሚታዘዝሽ ለእኔ ብሎ ነው። ስትሳሳቺም ዝም የሚልሽ ለእኔ ብሎ ነው። ሐሳብሽ ጥሩ ይሁን መጥፎ ሳታውቂ ዓመት ይነጉዳል። ደግሞም ማኅበሩ ከአጎት ወደ እህት ልጅ አንዴ ከተላለፈ ከዚያ በኋላ ማኅበር አይደለም፤ የቤታችን ጓሮ ነው። አንቺ ራስሽ በዕቅዱ ላይ የጻፍሽው ነው፤ እኔ ያለ ፍየል አልገባኝ ብሎ ነው እንጂ።

ስለዚህ አልልም።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። የቀልድ ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

አጎትሽ

*

በዴሳ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብሩክታይት፣

ደገፉ ባለፈ ባገደመ ቁጥር መንገድ ዳር እወጣለሁ። ደብዳቤ የለም ለማለት ከሩቅ ራሱን ይነቀንቅልኛል። ይህ ልጅ ደግሞ የእኔን ልማድ ከየት ተማረው።

ያልኩሽን አልመልስም። ያልኩበትን አኳኋን ግን እመልሳለሁ። ስለ እንሰት በሰበክሁሽ ጊዜ አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ቤትሽ ነበር። በዴሳ መመለስ አትችዪም አላልኩም። ይህ ቤት የአንቺ ነው፤ አልጋሽ እንዳለ ነው፤ ዶሮ ብቻ ነው የተኛበት፤ ዶሮዋን አስነሣታለሁ። እርሻ ብትዪ መሬት አለኝ። ማኅበሩን ብትፈልጊ እንደ ማንኛውም ሰው ዕጣ ገዝተሽ አባል ትሆኛለሽ፤ ከዓመታት በኋላ ሰው ሥራሽን አይቶ ከመረጠሽ እኔ ቀድሜ አጨበጭባለሁ። በእኔ አፍ ብቻ አይሁን።

ዳጣ ልኬልሻለሁ። ጠርሙሱ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ሽቦ የለውም። አዲስ አበባ «ዳጣ» እያሉ የሚሸጡልሽ የበርበሬ ውኃ ነው፤ ይህኛው አፍሽን ከፍቶ ቢያንስ «ውይ» ያሰኝሻል። እሱን ያህል ድምፅ እንኳ ብሰማ ይበቃኛል።

አስቸኳይ ጉባኤው ቅዳሜ የካቲት 29 ነው። አንቺ እንዳልሽው እቀራለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

አጎትሽ

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ውይ።

ዳጣው ደርሶኛል። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ከዳጣው በፊት ማለቴ ነው። ከዚያ ተናደድኩ። ከዚያ ለሥራ ባልደረቦቼ የፍየሎቹን ታሪክ ነግሬያቸው ስቀው ሲጨርሱ አንዷ «አጎትሽ ልክ ናቸው» አለችኝ፤ ለሁለት ቀን አላናገርኳትም። ልክ ነህ ለማለት ገና ነኝ። ግን ደብዳቤህን ከመሳቢያ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ዕቅዱን አስተካክዬዋለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት በአንድ ዓመት ገፋሁት፤ «በፍየል ምክንያት» ብዬ አልጻፍኩም። የኮሚቴው አባል ሁሉ ከመወሰኑ በፊት አንድ የተቃውሞ ምክንያት የመናገር ግዴታ አለበት የሚል አንቀጽ ጨምሬያለሁ፤ ሐሳቡን ቢደግፈውም እንኳ። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ሳታስበው።

አንድ ነገር አስጨንቆኛል። እንደምትቀር ለማንም አልተናገርኩም አልክ። ሰዎቹ ምን ብለው ያስባሉ? እሺ እነሱ ይቅሩ። አንተስ በዚያን ቀን ምን ታደርጋለህ? ቤቱ ውስጥ ብቻህን ነህ፤ አክስቴ በሕይወት የለች፤ ያ የመጋዘን ቁልፍ አንገትህ ላይ። እስቲ ንገረኝ፣ ምን ታደርጋለህ?

ብሩክታይት

*

በዴሳ፣ ቅዳሜ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብሩክታይት፣

ምን ታደርጋለህ ብለሽ ነበር። ይኸው፣ ለአንቺ እጽፋለሁ።

ማለዳ የጉባኤ ኮቴን ለበስኩ፤ አወለቅሁ። ጓሮ ወርጄ ያልበቀለ አረም ነቀልኩ። ዶሮዋን ከአልጋሽ አስነሣኋት፤ ተቀየመች። የመጋዘኑ ቁልፍ እንደ ላም ደወል ደረቴን ይመታኛል። ጉባኤው በሚደረግበት ወይራ ሥር ሰው መሰብሰቡን ከዚህ አልሰማም፤ ጆሮዬ ደህና የነበረ ጊዜ እንኳ አይሰማም ነበር። ያም ሆኖ ሦስት ጊዜ ደጅ ወጥቼ አዳመጥኩ።

ረፋድ ላይ አራት ሰዎች በዳገቱ ሲወጡ አየሁ። ከፊት አንጁሎ። ከኋላው የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ሻንቆ። ከዚያ ሁለት ሰዎች፣ በመካከላቸው በግ።

የፈራሽው ነገር ደረሰልሽ። ለካ ወንበሬን ባዶ ሲያዩ «ጋሽ ኤርሳዶ ተቀይመዋል» ብለው ጉባኤውን አቁመው፣ ከመሐላቸው ገንዘብ አዋጥተው በግ ገዝተው፣ ሊያስታርቁኝ መጥተዋል። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም።

«ምን አጠፋን?» አለ ሻንቆ።

«ምንም አላጠፋችሁም።»

«አያችሁ?» አለ ወደ ሌሎቹ ዞሮ፤ «ክፉኛ ነው የተቀየሙት።»

«ሻንቆ፣ አልተቀየምኩም። እንዲያውም ደስ ብሎኛል።»

«ኧረ በጌታ፣ እንዲህስ አይበሉ» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ሌላ ሰው እንድትመርጡ ነው የቀረሁት።»

አንጁሎ ራሱን ያዘ። «እኔን ነው የሚሉት። ትሕትናቸው አልለቀቃቸውም ያልኳት ቃል ናት።»

በተናገርኩ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። ሕይወቴን ሙሉ ሰው ሳስታርቅ ኖሬ፣ ያልተጣላ ሰው እንዴት እንደሚታረቅ አላውቅም። በጉ እንኳ በሐዘን ያየኝ ጀመር። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ታውቂኛለሽ፣ ተንኮል ሲመጣልኝ የግራ ጆሮዬ ይሞቃል። እኛ ዘንድ ትሑትን ሰው ማንም አይሰማውም። የተበደለ ሰው ግን ካሳውን ሲናገር የሚከራከረው የለም።

«እሺ» አልኩ፤ «ተቀይሜያለሁ።»

የአራቱም ፊት በራ። ገቡ። ተቀመጡ። ውኃ ጠጡ።

«ካሳዎትን ይናገሩ» አለ ሻንቆ።

«የምለውን ትፈጽማላችሁ?»

«በደለኛ አይከራከርም።»

«እንግዲያው ካሳዬ ይኸውላችሁ። እኔን አትመርጡም። በጭብጨባም አትመርጡም። መጋረጃ ጋርዱ፣ ከኋላው ቅል አስቀምጡ፤ ሰው ሁሉ ሁለት ፍሬ ይዞ ይግባና ማንም ሳያየው አንዱን ብቻ ይጣል፤ ለአንዱ ዕጩ ቦሎቄ፣ ለሌላው በቆሎ።» ከዚያ የአንገቴን ቁልፍ ያዝ አደረግሁ። «ከዘመዶቼም ማንንም በዕጩነት አታቀርቡም። ዛሬ አታቀርቡም፤ ምርጫው በእኔ ቃል የሚደረግበት ቀን ስለሆነ።»

ሻንቆ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ብሩክታይትን አስበን ነበር እኮ። ዕቅዱን የጻፈችው እሷ ናት።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ድምፄ እንደወረደ ይታወቀኛል። ጉባኤው ፊት ቢሆን ኖሮ ማንም አይሰማኝም ነበር። አንጁሎ ብቻ እያየኝ ነበር፤ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገ። በጉን ጥለውልኝ ሄዱ።

ከቀትር በኋላ ምንም አልጻፍኩልሽም። ከበጉ ጋር ተቀምጬ ነበር።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንጁሎ ብቻውን ተመለሰ። በሰው ፊት «እርስዎ» ይለኛል፤ ብቻችንን ስንሆን የልጅነት ጓደኛዬ ነው።

«አንተ ተንኮለኛ» አለ ገና ከበሩ።

«ማን ነው?»

«ቤዚ ናት።»

ሁለቴ አስደገምኩት። አንዴ ስላልሰማሁ፣ አንዴ ስለጣፈጠኝ። ዕጩዎቹ እሱና እሷ ነበሩ፤ ቦሎቄው የእሱ፣ በቆሎው የእሷ። ጭብጨባ ቢሆን አንጁሎ በጠዋቱ ይመረጥ ነበር፤ ለምክትል ማጨብጨብ ልማድ ነዋ። መጋረጃው ኋላ ግን ሰው ከልማዱ ጋር አልገባም።

«አንተስ ምን ጣልክ?» አልኩት።

«ምስጢር ነው ብለህ የደነገግከው አንተ ነህ» አለና እጁን ኪሱ ከተተ። አንዲት ቀይ ቦሎቄ አወጣ፤ አይቷት መልሶ ከተታት። እኔም አላየሁም።

ከዚያ «ቁልፉን» አለኝ። የቤዚ የመጀመሪያ ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዘበኛው ነገ በጠዋት ወደ ችግኙ እንዲመለስ ነው። ማሰሪያው ስንት ዘመን ኖሮ አልፈታ ብሎ በቢላዋ ቆረጥነው። አንጁሎ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፤ ለጊዜው ተሸካሚ መሆኑን እያወቀ።

ሄደ። አሁን አንገቴ ቀልሎኛል፤ እጄ ግን እየሄደ ደረቴን ይዳስሳል። ቁልፉን ሲያጣ ይመለስና ሌላ ነገር እንደሚፈልግ ይቆያል። ልክ አድርጌያለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ግን ልጄ፣ ዛሬ ስምሽን ከሰው አፍ ውስጥ መልሼ የነጠቅሁት እኔው ነኝና፣ ይህን በደብዳቤ ከምትሰሚው ይልቅ ፊት ለፊት አይተሽኝ ብትሰድቢኝ በወደድኩ ነበር። የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤዚ ትሳሳታለች፣ ሰውም ይናገራታል፤ እሷም ትሰማለች። አንቺ ደግሞ

ጣራው ላይ አንድ ነገር ተንከባለለ።

ዝናብ ነው እንዳልል ሰማዩ ጥርት ብሏል። በጉም በመስኮት በኩል ጆሮውን አቁሞ ወደ በሩ ያያል። ዛሬ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው የለም፤ ጉባኤተኛው ሁሉ ቤቱ ገብቷል፤ የሚመጣ ቢኖርም ጆሮዬን ስለሚያውቅ ከዳገቱ ጀምሮ ይጮኻል እንጂ

ሁለተኛው።

ብዙ ድምፅ ጥሎኝ ሄዷል፤ ይህኛው ግን አልሄደም። ደብዳቤው እዚህ ላይ ይቁም፤ ሽቦም ክርም አያስፈልገውም፣ በእጅሽ ትቀበዪኛለሽ። ሦስተኛውን እንዳትወረውሪ። ቆርቆሮው አርጅቷል፤ እኔም ወንበሬን ለመተው ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አይተሻል፤ ተነሥቼ መጣሁ።